ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ

ባለፈው እሑድ አትላንታ አጠገብ ሊቶኒያ፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ያ ሽታ ድንገት መጣ። አፍንጫን ሰርስሮ ገብቶ ግንባር ላይ የሚቀመጥ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ዓይን የሚያስነባ ሽታ ነው። ዞር ስል ልጄ ፍሬ ከኋላዬ ወንበር ስባ ተቀምጣ የጥፍሯን ቀለም በጥጥ ታስለቅቃለች። እኔን ግን የሸተተኝ የእሷ ጥፍር አይደለም። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ስኮትዴል በነበረው አፓርትመንታችን፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ አንጋልዬ ዓይኗን በገዛ እጄ ያጠፋሁባት ልጅ ትዝ አለችኝ። አትደንግጡ፣ ልጅቷ ሥዕል ናት።

ስለ ልጅነት ጻፍ ብትሉኝ ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ሲያልቅ ልጅነቴም አብሮት አለቀ፤ ልጅነት የሚባለውን ነገር ረጋ ብዬ፣ ዳር ቆሜ ያየሁት በፍሬ ነው። እሱንም ቢሆን ፈረቃ በማይኖረኝ ቀን።

በዚያን ጊዜ ዳውንታውን አትላንታ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር። የሰው መኪና ተቀብዬ፣ ፓርክ አድርጌ፣ ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣ ባለቤቱ ሲመጣ አውጥቼ አስረክባለሁ። ይህ ሥራ ሰውን አንድ ነገር ያስተምረዋል፤ የሰው ንብረት ስትረከብ መጀመሪያ ዞር ዞር ብለህ እይ። የት ተጭሯል፣ መብራቱ ተሰንጥቋል ወይ፣ ጎማውስ እንዴት ነው፤ አይተህ፣ ወረቀት ላይ ምልክት አድርገህ ተቀበል። ሳታየው የተቀበልከው ጭረት ያንተ ጭረት ነው። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ ለዚህም ነው ነገሩ እስካሁን የሚያሳፍረኝ።

ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ በጀመረ ሰሞን ፍሬ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ቁመቱ ደረቷ ድረስ የሚደርስ ጠፍጣፋ ነገር እየጎተተች ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወረደች። ስምንት ዓመቷ ነበር። የሥዕል አስተማሪዋ ልክ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንደሚያውስ ለተማሪዎቹ ሥዕል ታውሳቸው ነበር፤ ልጁ የወደደውን መርጦ፣ ቤቱ ወስዶ፣ ክረምቱን አብሮት ከርሞ፣ ብርዱ ሲያልፍ ወላጆቹ ባሉበት ክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ ሥዕሉ ይናገራል። ሥዕሎቹ ዋናዎቹ አይደሉም፤ በወረቀት ታትመው ጠንካራ ካርቶን ላይ የተለጠፉ ናቸው፣ መስታወትም የላቸውም፣ ልጆች ይሰብሩታል ተብሎ።

እኛን ግን ከሥዕሉ ይልቅ ሌላው ነገር ነበር የገረመን። ቤት ውስጥ እንደ ሬዲዮ የማትዘጋው ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ አፏን ቆልፋ እንደምትውል፣ ድምጿን የሰማ ሰው እንደሌለ አስተማሪዎቿ ሁለት ጊዜ ጠርተው ነግረውን ነበር። አሁን ግን እጇን አውጥታ፣ በገዛ አፏ፣ «ያቺን ልጅ እፈልጋለሁ» ብላ ነው ያመጣችው። ባለቤቴ አስቴር እልል ማለት ነበር የቀራት። ፍሬም ወረቀት ዘርግታ ብዕር ሰጠችኝ።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ሳይን አድርግ።»

«ምን ይላል?»

«ከተበላሸ ሌላ ሥዕል አይሰጡኝም ይላል። እና ደግሞ አንተ ኃላፊ ነህ ይላል።»

«ምን ላይ ነው ኃላፊ የሆንኩት?»

«ልጅቷ ላይ።»

ሳይን አደረግሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና እየዞርኩ ሳይ የምውለው ሰውዬ፣ ጥቅሉን ገለጥ አድርጌ እንኳ ሳላይ ተረከብኩ።

የአፓርትመንቱ ማናጀር ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ስለከለከለ ልጅቷ እስከነ ወረቀቷ ከሶፋ ጀርባ ተሸጉጣ ቆየች። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ፍሬ ጥቅሉን ፈታ፣ ሥዕሉን ወንበር ላይ አስደግፋ፣ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ላይ ጥቁር ማርከር ይዛለች። ሥዕሉ ቀይ ቀሚስ የለበሰች፣ የእንጨት ፈረስ ያቀፈች ትንሽ ልጅ ነው፤ ከበር በኩል ሰው እንደጠራት ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። እስከዚህ ደህና ነው። አንደኛው ዓይኗም ቦታው ላይ ነው። ሁለተኛው ዓይን ግን ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ እዚያው ጉንጯ ላይ፣ በሰው ቦታ ገብቶ እንደቆመ መኪና ቁጭ ብሏል።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ!» አልኩ።

«ምን አደረግሁ?»

«ዓይን ጨመርሽባት!»

«ኖ አባዬ! እኔ ወረቀቴ ላይ ነው የምስለው። እሷ እንደዚህ ናት።»

«ማነው እንደዚህ የሳላት?»

«ሰውዬው። የአውሮፓ ሰውዬ። በጣም ታዋቂ ነው። ሞቷል።»

«ይህን ያህል ታዋቂ ሆኖ ዓይን የት እንደሚቀመጥ ጠፋው?»

እንዲህ ስንባባል አባባ ወልዴ መነጽራቸውን እየጠረጉ ከክፍላቸው ወጡ። አባባ ወልዴ የአስቴር አጎት ናቸው፤ ከአገር ቤት መጥተው አብረውን ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ሦስት ዓመት ቀለም በጥብጠዋል፤ እናም ቤታችን ውስጥ ስለ ሥዕል ነገር ከተነሳ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነበር። ሥዕሉ ፊት ቆመው፣ ወደ ኋላ ሸሽተው፣ ጠጋ ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ታዬ፣ ስማኝ። ሥዕል ሕግ አለው። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለት ዓይን አለው። ይሁዳና ሰይጣን፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃየውም ጭፍራ፣ በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ይህቺ በጎን ናት። ስለዚህ የነበራት አንድ ዓይን ነው። ሁለተኛው ከየት መጣ?»

«አባባ ወልዴ፣ ልጅ እኮ ናት! ለምን ይሁዳ ያደርጓታል?» አለች ፍሬ።

«እሱን የሳላትን ሰው ጠይቂው። ግን ሰዓሊ የሚያመነታ ሰው አይደለም፤ ወይ ያጸድቃል፣ ወይ ይኮንናል። ሁለቱንም ባንድ ፊት አይሠራም።»

እንግዲህ ምን ቀረ? አዋቂው መስክረዋል፤ ማስረጃው ፍሬ እጅ ላይ ነው። «ሌላ ጊዜ ሥዕል የሚሰጥሽ የለም፤ በገዛ እጅሽ ነው» ብዬ ተቆጣሁ። ፍሬ አላለቀሰችም። የማርከሩን ክዳን ቀስ ብላ ገጠመች፣ ቀና ብላ አየችኝና «አታምነኝም» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለእኔ ሲሆን አፏን ዘጋች። ከእናቷ ጋር ትስቃለች፣ አባባ ወልዴን እንኳ ትከራከራለች፤ እኔ ስገባ ግን በራሷ ትነቀንቃለች እንጂ ቃል አይወጣትም። የክፍሏን ዝምታ ቤት ይዛው መጣች።

እንዲህ ሆነን ከረምን። እሑድ እሑድ መናፈሻ እወስዳታለሁ፤ ዥዋዥዌው ላይ በዝምታ ትወዛወዛለች፣ በዝምታ እገፋታለሁ። የሥዕሏ ልጅ ደግሞ የምግብ ክፍሉ ጥግ ተደግፋ በሁለት ዓይኗ ታየኛለች፤ አባባ ወልዴ ሲበሉ ወደ ግድግዳው ያዞሯታል፣ ፍሬ ትመልሳታለች። ከታች ፎቅ የምትኖረው የደሴዋ ዘሃራ፣ ጥፍር የሚቀባበት ሱቅ ውስጥ የምትሠራው ጎረቤታችን፣ ወደ እኛ ቤት ወጣ ባለች ቁጥር ሥዕሉን አይታ ትስቅብን ነበር።

«እኛ ቤት ሥዕል የለ፣ ጣጣ የለ» ትላለች። «ወላሂ ጋሽ ታዬ፣ ይቺ ልጅ ሁለቱንም ዓይኗን አንተ ላይ ነው የጣለችው። ምን በድለሃት ነው?»

በጥር በረዶ ጣለ። አትላንታ በረዶ ብርቋ ነው፤ መንገዱ እንደ መስታወት ሲሆን ትምህርት ቤቱም ፓርኪንጉም ተዘጋና ከአስቴር በቀር ሁላችንም ቤት ዋልን። ፍሬ ከዘሃራ ልጅ ጋር በካርቶን ላይ ተቀምጠው ከአፓርትመንቱ ቁልቁለት ሲንሸራተቱ በመስኮት እያየሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሥዕሉ የሚመለስበት ጊዜ እየቀረበ ነው። ከነጭረቱ ከተመለሰ ልጄ ሌላ አታገኝም፤ በስንት ጊዜዋ የከፈተችውን አፍ ደግሞ ትዘጋዋለች። ታዲያ እኔ የመኪና ጭረት አጥፍቼ አላውቅም? የማርከር ዓይን ምን ይገደኛል? ጠርጌላት ሳበቃ እንታረቃለን አልኩ።

ዘሃራን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን አንድ ጠርሙስ ለመንኳት። «ይሄ የማያስለቅቀው ቀለም የለም፣ አብሽር» ብላ ከነጥጡ ሰጠችኝ። አስቴር ሥራ ቦታዋ በረዶው ይዟት ስለነበር የሚከለክለን ሰው አልነበረም። ልጅቷን ጠረጴዛው ላይ አንጋለልናት፤ አባባ ወልዴ እንደ ሐኪም ቤት ረዳት ጥጥ እያቀበሉ፣ «ቀስ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አፍንጫዋን እንዳትነካ» ይላሉ። ዓይኑም እሺ አለ። በደንብ እሺ አለ። ብሌኑ ሄደ፣ ነጩ ሄደ፣ ከጉንጩም ትንሽ አብሮ ሄደና ባዶ ካርቶን ብቅ አለ።

ጥጡን ገልብጬ አየሁት። ሰማያዊ ነው።

«አባባ» አልኩ፣ «የፍሬ ማርከር ጥቁር አልነበረም?»

ጥጡን ከእጄ ወስደው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። እኔም ያኔ፣ ከወራት በኋላ፣ መጀመሪያ ቀን ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ሥዕሉን አንስቼ ጀርባውን ገለበጥኩ። ጀርባው ላይ የሰዓሊው ስምና ታሪኩ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ከጽሑፉ በላይ የዚያችው ልጅ ትንሽዬ ሥዕል አለች፣ የፖስታ ቴምብር የምታህል። አባባ ወልዴ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ቆጠሩ። «አንድ። ሁለት።» ደግመው ቆጠሩ። ያው ሁለት ነው፣ ያው በአንድ ጉንጭ።

«ይሄ ሰውዬ ግን ምን ነክቶት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

እኔ ስለ ሰውዬው ማሰብ አልቻልኩም። ልጄ እውነቷን ነበር። ከታች እየሳቀች ስትንሸራተት ድምጿ ይሰማኛል።

«ይሥሩልኝ» አልኳቸው። «እርስዎ ያውቁበታል።»

«እኔ ቀለም በጥባጭ ነኝ ታዬ! ዓይን እኮ ትልቅ ነገር ነው፤ ጌታዬ ሰዓሊው ራሱ ሁሉን ጨርሶ፣ ጾሞ፣ በመጨረሻ ነበር ዓይን የሚከፍተው።»

«ቁርስ በልተዋል?»

«አልበላሁም።»

«እንግዲያው ይሥሩት።»

የፍሬን የውኃ ቀለም አወጣን። አባባ ወልዴ አማተቡ፣ እጃቸውን በእጃቸው ደግፈው ጀመሩ። ችግሩ፣ እኚህ ሰው በዕድሜያቸው የሚያውቁት የዓይን ዓይነት አንድ ብቻ ነው። ሰፊ፣ ዙሪያው በጥቁር የተኳለ፣ ቅንድቡ እንደ ቀስት የተወጠረ፣ ነጩ የበዛ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሆኖ የሠራኸውን ሁሉ የሚያውቅ ዓይን። ሲጨርሱ ልጅቷ በላይኛው ዓይኗ እንቅልፍ እንደመጣው ሰው ወደ በሩ ታያለች፤ በታችኛው ግን ምድጃው ጋ ብትሄድ ታይሃለች፣ ማቀዝቀዣው ጋ ብትሸሽ ታይሃለች።

«አሁን ጸደቀች» አሉ አባባ ወልዴ፣ ብሩሹን እያጠቡ።

ፍሬ በብርድ የቀላ አፍንጫዋን እየጠረገች ገባች። ሥዕሉን አየች፣ ጥጡን አየች፣ እኔን አየች።

«አባዬ፣ ምን አደረግሃት?»

ቅጠል ሲረግፍ የዘጋችኝ ልጅ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። ልመልስላት ፈለግሁ። ግን በእኛ ዘንድ ልጅ አባቱን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ፣ አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ እኔ አይቼ አላውቅም፤ አባቴም አላሳየኝም፤ ቃሉ ከየት ይምጣልኝ? ብርቱካን ላጥኩላት። ግማሹን በላች፤ ግማሹን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። ግማሽ ብርቱካን የሚያወጣውን ያህል ይቅር ብላኛለች ማለት ነው ብዬ ቀሪውን እኔ በላሁት።

ጸደይ ገባ። ያ ቢጫ የጥድ አበባ ብናኝ ከሰማይ ወርዶ ፓርኪንጉ ውስጥ ያለውን መኪና ሁሉ አንድ ቀለም አደረገው፤ እኛም እያስነጠስን ትምህርት ቤት ሄድን። እኔ ሠርጌ ላይ የለበስኩትን ኮት ለብሻለሁ፣ አባባ ወልዴ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበዋል። ወላጆች የተቀመጥነው የልጆቹ ወንበር ላይ ስለነበር ጉልበታችን አገጫችን ደርሷል። ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ስለ ሥዕላቸው ተናገሩ። የፍሬ ተራ ደረሰ። ሥዕሉን አቆመችው፣ ታችኛው ዓይን ወዲያው እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ፍሬ ቆመች። ቃል የለም። ልጆቹ ተንቀሳቀሱ፣ ወንበር ጮኸ፣ አሁንም ቃል የለም። አስተማሪዋ እያበረታታቻት ጠጋ አለችና ዓይኗ ሥዕሉ ላይ አረፈ፤ ጎንበስ አለች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ ፍሬን አየቻት። ፍሬ አንገቷን ደፋች።

ያቺን አንገት መድፋት አልቻልኳትም። ከዚያች ትንሽ ወንበር እንደምንም ተነሣሁ። የእኔ እንግሊዝኛ ለቁልፍና ለመኪና ይበቃል እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ስለዚህ በአማርኛ ተናገርኩ።

«ፍሬ፣ ንገሪያት። ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ እውነቱን ነግራኝ ነበር፤ አላመንኳትም። ይቅርታ ብሏል በያት።»

ይህን ስል ያየሁት አስተማሪዋን አልነበረም።

ፍሬ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ጀመረች። እኔ ያልኩት ጥቂት ቃል ነው፤ እሷ ግን ቀጠለች፣ ቀጠለች። ላይኛውን ዓይን ታሳያለች፣ ታችኛውን ታሳያለች፣ ጥጥ እንደያዘ ሰው እጇን ታሻሻለች፤ ክፍሉ ይስቃል፣ እሷ አትስቅም፣ ትናገራለች። ወደ አባባ ወልዴ ስትጠቁም ሁሉም ዞር ሲሉ፣ እሳቸው የሚባለው ሳይገባቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካክለው እጅ ነሡ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። አስተማሪዋ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። ያን ዓመት እምብዛም ያልተሰማው ድምፅ በዚያች ቀን ደወሉ ነው ያስቆመው።

«ምን አልሻት?» አልኳት ወደ መኪናው ስንሄድ።

«ያልከኝን» አለችና ስኮትዴል እስክንደርስ ስለ ሌላ ሌላው ለፈለፈች። ሥዕሉን አስተማሪዋ ከእንግዲህ የናንተ ናት ብላ ሰጠችን። ፍሬ ሌላም ተዋሰች፤ ተራራና ሐይቅ ነበር። «ይሄ ዓይን የለውም» አለች፣ አባባ ወልዴንና እኔን በየተራ እያየች።

አባባ ወልዴ ዛሬ የሉም። ዓይናቸው ግን ሊቶኒያ የፍሬ ቤት ደረጃው ላይ ተሰቅሎ የሚወጣ የሚወርደውን ያያል። ባለፈው እሑድ ሽታው ሲመጣብኝ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሳልጠይቅ የኖርኩትን ጠየቅሁ።

«ያን ቀን ግን አስተማሪሽን ምን አልሻት?»

ፍሬ ጥፍሯን እፍ አለች። «ልጅቷ ላይ ኃላፊ ነህ ብላችሁ ሳይን አስደርጋችሁታል አልኳት። ስለዚህ ፊቷ የቆሸሸ ሲመስለው አጠበላት አልኳት።»

«ይቅርታውንስ?»

«እሱ ለኔ ነበር እኮ፣ አባዬ።»

ወደ ግቢው አየሁ። ይሄኔ የልጅ ልጄ፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ወረቀት ይዛ ሮጣ መጣችና ጭኔ ላይ ጣለችው። እኔን ስላኛለች፤ ባርኔጣዬ አለ፣ ከዘራዬ አለ፣ ሁለቱም ዓይኖቼ አንድ ጉንጭ ላይ ተደርድረዋል። በዚያ ደረጃ እየወጣች እየወረደች ያደገች ልጅ ሰው እንዴት እንደሚሳል የተማረችው እንዲያ ነው። ድሮ ቢሆን እጄ ወደ ጥጡ ይሄድ ነበር። ያኔ ዓይኔ ከሩቅ ጭረት ይለይ ነበር፣ ግን ከፊቴ የቆመችውን ልጅ ማመን አቃተኝ፤ አሁን ያለ መነጽር ጎማና ሰው መለየት አልችልም፣ ያሉኝን ግን አምናለሁ። ወረቀቱን ፊቱን አየሁ፣ ጀርባውን ገልብጬ አየሁ፣ ደህና አድርጌ ተረከብኩ።

«ልክ ነው» አልኳት፣ «እኔው ነኝ።»

ከዚያም ብርቱካን ላጥኩላት። ሙሉውን በላችው፤ ለእኔ ፍሬውን እንኳ አላስተረፈችም።